አልጣሽን ማን አስተማራት?

የፊታውራሪ ደምስ ስም ሲነሳ ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ በሚያደርግበት በዚያ ወቅት፣ አልጣሽ የምትባል ልጃገረድ ከወንድሟ ከይርዳው ጋር ትኖር ነበር። ይርዳው የፊታውራሪው በቅሎ ጠባቂ ነው። አንድ ቀን ጌታው በጣም የሚወዷት በቅሎ ከእጁ አምልጣ ገደል ገባች። ፊታውራሪውም አስረው እንዲሰቀል ፈረዱበት።

አልጣሽ እግራቸው ላይ ወድቃ ለመነች። እሳቸውም እናታቸው በክራር ይደረድሩት የነበረ ረጅም ዜማ እንደነበረና እናታቸው ከሞቱ ወዲህ ማንም ተጫውቶላቸው እንደማያውቅ ነገሯት።

«በሁለት ወር ተምረሽ ከፊቴ ተጫወችው። መሃል ላይ ካቆምሽ ወንድምሽ ይሰቀላል» አሏት።

አልጣሽ እስከዚያ ቀን ድረስ ክራር ነክታ አታውቅም። ዜማውን የሚያውቁት ደግሞ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ አያ መንበሩና እትዬ ጥሩወርቅ። ጠዋት ወደ አንዱ፣ ከሰዓት ወደ ሌላዋ ትመላለስ ጀመር።

አያ መንበሩ ለእያንዳንዱ የክራሩ ጅማት የራሱን ጣት መደበላት። አንዲት ጣት ቦታዋን ከሳተች ከመጀመሪያው ያስጀምራታል። ጣቶቿ ሲደሙ በጨርቅ ጠቅልሎ «ቀጥይ» ይላታል። አልጣሽ በጣም ፈራችው። አንዳንድ ቀን ደጃፉ ደርሳ መግባት ያቅታትና አጥሩ ሥር ትቀመጥ ነበር። ለምን እንዲህ እንደሚያስጨንቃት አንድ ጊዜ ብቻ ደፍራ ጠየቀችው።

«ፍርሃት ሲይዝሽ ልብሽ ይጠፋል። ያን ጊዜ የሚቀርሽ ጣትሽ ብቻ ነው» አላት።

እትዬ ጥሩወርቅ ግን «በተመቸሽ ጣት ተጫወች» ትላታለች። እጇን ሲያማት ክራሩን አስቀምጠው ዜማውን አብረው ያንጎራጉራሉ። ስትሳሳት አታስቆማትም፤ መንገድ ስቶ ዞሮ እንደሚመለስ ሰው፣ በሌላ ጅማት ዞራ ዜማው ውስጥ እንድትገባ ታሳያታለች። ከእሷ ዘንድ አልጣሽ ትስቅ ነበር። ነገር ግን የጥሩወርቅ ባል የሞተው በፊታውራሪው እስር ቤት ነው፤ ስማቸው በተነሳ ቁጥር ፊቷ ይገረጣል።

ቀጠሮው ሊደርስ ሲል ፊታውራሪው ዋስ ጠየቁ። አልጣሽ ከተሳናት ዋሱም አብሮ ይሰቀላል። አልጣሽ ወደ እትዬ ጥሩወርቅ ሮጠች። ጥሩወርቅ አቅፋት አለቀሰች፤ እዚያ ግቢ እግሯን ማስገባት እንደማይሆንላት ነግራት በሯን ዘጋች። አያ መንበሩን አልጣሽ ልትጠይቀው እንኳ አልደፈረችም። እሱ ግን በቀጠሮው ቀን ሳይጠራ መጣና «ዋሷ እኔ ነኝ» አለ። ከይርዳው ጎን አሰሩት። አልጣሽ የመስቀያውን ገመድ ላለማየት ፊቱን ሲያዞር አየችው። እሱም ይፈራል ብላ አስባ አታውቅም ነበር።

መጫወት ጀመረች። ፍርሃት ያዛት፤ የት እንዳለችም ጠፋት። ጣቶቿ ግን ያለ እሷ ሄዱ፣ አንዳቸውም ቦታቸውን አልሳቱም። ዜማው ከተጋመሰ በኋላ አንዱ ጅማት ተበጠሰ። ጣቷ ባዶ ቦታ ላይ ቀረ። የመስቀያውን ገመድ የያዘው ሰው ከተቀመጠበት ተነሳ። አያ መንበሩ ዓይኑን ጨፈነ።

ያን ጊዜ አልጣሽ በትንሹ ማንጎራጎር ጀመረች። አውራ ጣቷን ወደ ሌላ ጅማት ወሰደች፣ ዞረች፣ ተመለሰች፣ ዜማውንም እስከ መጨረሻው አደረሰችው።

ፊታውራሪው ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ቆዩ። ከዚያ ሁለቱ እንዲፈቱ አዘዙ።

«የአስተማሪሽን ስም ጥሪልኝ። አንድ ጋሻ መሬት እሰጣለሁ፤ ለአንድ ሰው ብቻ» አሏት።

አያ መንበሩ ያለ እሱ ጅማቱ እስከተበጠሰበት ድረስ እንኳ እንደማትደርስ ተናገረ፤ አንገቱንም ለገመድ የሰጠው እሱ ነው። እትዬ ጥሩወርቅ ወሬው ሲደርሳት፣ ከዚያ ወዲያ ያሻገራት የእሷ ትምህርት እንደሆነ፣ ልጅቱን አስፈራርታ እንደማታውቅም መልእክት ላከች። ይርዳው ደግሞ ጣቷ የደማው የአልጣሽ ስለሆነ መሬቱ ለራሷ ይገባል አለ።

ፊታውራሪው መልሷን እየጠበቁ ነው። አልጣሽ ክራሩን እንደያዘች ከፊታቸው ቆማለች።

እናንተ በእሷ ቦታ ብትሆኑ የማንን ስም ትጠሩ ነበር?