የላጪዋ ምንጭ

ከራይን ወንዝ ማዶ፣ ጥቅጥቅ ካለው ደን ግርጌ፣ «የላጪዋ ምንጭ» የሚሏት ትንሽ ውሃ አለች። በዚያ መንደር የሚያገባ ወንድ ጺሙን ሳይነካ ከርሞ በሠርጉ ጧት እዚያች ውሃ ዳር ይቀመጣል፤ የምትላጨውም ሙሽራይቱ ናት። ብትቆርጠውም ጭጭ ነው፤ «ኧረ ቀስ!» ያለ ሙሽራ ዕድሜ ልኩን መሳቂያ ሆኖ ይቀራል።

ሽማግሌዎች እንደሚሉት፣ ነገሩ የመጣው ካቲ የተባለው የጀርመን ነገድ ከሮማውያን ጋር ሲዋጋ በኖረበት ዘመን ነው። በእኛ አገር ጎፈሬ የሚያበቅለው ገዳይ ነበር፤ እነዚህ ጉዶች ግን በተቃራኒው፣ ጠላት ያልገደለ ጎበዝ ጠጉሩንም ጺሙንም አይላጭም፤ ሚስት ማግባትማ ከየት ተገኝቶ!

ገና ጠላት ያልገደለ ዊልማር የሚባል ጎበዝ የኦትገርን ልጅ ጊስላን ይወዳት ነበር፤ እሷም ትወደዋለች። ኦትገር ግን ሁለት ወንዶች ልጆቹን ሮማውያን ገድለውበታልና፣ ዊልማር ሽማግሌ በላከ ቁጥር መልሱ አንድ ነበር፤ «ፊቱን ሳላይ ልጄን አልሰጥም።» መጀመሪያ ገድሎ ይላጭ ማለቱ ነው።

አንድ ቀን ሮማውያን በደኑ ውስጥ ተመትተው ሲበታተኑ፣ ዊልማር ሲያሳድድ ከዚህች ምንጭ ደረሰ። አንድ ሰው ጭቃ በጭቃ ሆኖ ወድቆ፣ በእጁ ወደ አፉ ያመለክታል። የወገን ቁስለኛ መስሎት በመዳፉ ቀድቶ አጠጣው። ሰውየው ጠጥቶ ደረቱን ሲያብስ ግን ከጭቃው ሥር የሮማ ወታደር የብረት ጥሩር ብቅ አለ። ጉድ ፈላ! በካቲ ሕግ ከእጅህ ውሃ የጠጣ እንግዳህ ነው፤ እንግዳ ደግሞ አይነካም። ዊልማር ጦሩን አነሣ፣ መልሶም አወረደ፤ ጊስላን አጣኋት ብሎም ከሰውየው አጠገብ ቁጭ ብሎ አለቀሰ ይባላል። ኋላም ደግፎ አስነሥቶ ወደ ወንዙ የሚወስደውን መንገድ አሳየው።

ወሬው ቀድሞት መንደር ገባ። ኦትገር በሸንጎ መካከል ቆሞ፣ «ልጆቼን የበላብኝን አጠጥቶ ሸኘው!» ሲል ጮኸ፤ እንደ ልማዱም «ፊቱን ሳላይ ልጄን አልሰጥም!» አለ።

ይህን ጊዜ ጊስላ ተነሣች። «አባዬ፣ የፈለጉት ፊቱን ማየት ነው?»

«አዎን፣ ብያለሁ!»

ቢላዋዋን ይዛ፣ ዊልማርን እየጎተተች ወደ ምንጩ ወረደች፤ ሸንጎውም አባቷም ግር ብለው ተከተሉ። እዚያው አስቀምጣ ላጨችውና፣ «ይኸው፣ ይዩት» አለች። ሽማግሌዎቹም ሳቃቸውን እየዋጡ፣ «ኦትገር፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ፊቱን አልክ እንጂ ግዳዩን አላልክም» አሉት።

ኦትገር ሊቆጣ ቀረበ። ነገር ግን ከዚያ ሁሉ ጺም ሥር የወጣው የልጅ ፊት ነበር፤ የሞተው የታናሹ ልጁ እኩያ። ጉንጩ ደምቷል። አባትየው ብዙ አየው፣ እንባውም መጣ። «ቆረጥሽው እኮ፣ አንቺ!» አለና ጎንበስ ብሎ ከምንጩ በመዳፉ ቀድቶ አጠጣው።

ዛሬም ሙሽራይቱ ላጭታ ስትጨርስ እልልታ የለም። ሁሉም የሙሽራይቱን አባት እጅ ያያል፤ ጎንበስ ብሎ ውሃውን ሲቀዳ ነው እልልታው የሚቀልጠው።