«ነ» ላይ የቆመው ፊደል

አንድ ፕሮግራም ሠሪ ነበር፤ መርዕድ ይባላል። ከሚስቱ ከፌቨን ጋር ሆኖ ሕፃናትን ፊደል የሚያስቆጥር የስልክ መተግበሪያ ይሠራ ነበር። እሱ ፕሮግራሙን ይጽፋል፤ እሷ ፊደሎቹን በድምፅዋ ትቀዳለች። ከ«ሀ» ጀምራ «ነ» ላይ ስትደርስ ታመመች። «ኘ»ን ሳትቀዳ ሞተች።

መርዕድም ሥራውን እዚያው ላይ አቆመው። ስምንት ወር ሙሉ ኮምፒውተሩን የሚከፍተው የእሷን ድምፅ ለመስማት ብቻ ነበር።

ጳጉሜን አንድ ቀን የሰፈሩ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት አስጠሩት።

«ልጄ፣ መስከረም ላይ ልጆቹ በእናንተ ሥራ እንዲማሩ እፈልጋለሁ። ግን እየሰሙ ዝም እንዳይሉ፣ እነሱም ፊደሉን እየጠሩ ድምፃቸውን ይቅዱበት። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ካልደረሰ ሌላ የቀረበልን አለ፣ እሱን እንወስዳለን» አሉት።

መርዕድ አንድ ነገር ብቻ አሰበ። ሌላው ከተወሰደ የፌቨንን ድምፅ ክፍል ውስጥ የሚሰማው የለም። መስከረም ላይ ትምህርት የምትጀምረው ልጃቸው ሶልያና እንኳ አትሰማውም።

የልጆቹን ድምፅ የሚቀዳውን የፕሮግራም ክፍል ሌሎች ሰዎች ሠርተው ሩቅ ባለ የኢንተርኔት መጋዘን አስቀምጠውታል። የመርዕድ ድርሻ የክፍሉን ስም መጻፍ ነው። ፕሮግራሙን የሚገጣጥመው መሣሪያ በኢንተርኔት ሄዶ ያመጣዋል፤ አንዴ ያመጣውንም ለሌላ ጊዜ በኮምፒውተሩ ጓዳ ያኖረዋል። መርዕድ ስሙን ጻፈ። መሣሪያው በቀይ ጽሑፍ መለሰለት፤ «አልተገኘም»።

ኮምፒውተሩን አጥፍቶ አበራው። የኢንተርኔት መስመር ቀየረ። የስሙን ፊደላት አንድ በአንድ ቆጠረ። አሁንም ቀይ ነው። አዲሱን ስም ሲያወጣው ግን ፕሮግራሙ እንደ ድሮው ይሠራል፤ ፌቨንም «ሀ» ትላለች። ይኼ የባሰ አናደደው። ኢንተርኔቱን ረገመ፣ መጋዘኑን ረገመ፣ ሠሪዎቹን ረገመ። ሁለት ቀን እንዲህ አለፈ።

በሦስተኛው ቀን የሥራ ጓደኛው ኪሩቤል መጥቶ አየለት።

«ጓዳው ተበላሽቷል» አለ። «ጠቅላላ አጥፋውና ሁሉንም እንደ አዲስ ያምጣ።»

«እዚያ ያለው ሁሉ በፌቨን ጊዜ የመጣ ነው።»

«ችግሩ እሱ ነው እኮ! አንተ ሰውዬ፣ አሮጌ ታቅፈህ እስከ መቼ ነው?»

መርዕድ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። ጓዳውን መረጠና ጣቱን ማጥፊያው ላይ አሳረፈ። ይህን ጊዜ አከራዩ ጋሽ ተድባብ የሶልያናን እጅ ይዘው ገቡ። ጋሽ ተድባብ ሠላሳ ዓመት የስልክ መስመር ሠራተኛ ነበሩ።

«ምን ሆነህ ነው ፊትህ እንዲህ የጠቆረ?» አሉት።

ነገሩን ነገራቸው።

«መስመሩ በየት በኩል ነው የተቋረጠው?»

«በውጭ ይመስለኛል።»

«ይመስለኛል ብሎ ሥራ የለም። እኔ ስልክ አልሠራ አለ ተብዬ ስጠራ ወደ ምሰሶ አልሮጥም ነበር። መጀመሪያ ቤት ገብቼ መነጋገሪያው በቦታው መቀመጡን አያለሁ። ስንቱን መሰለህ፣ ራሱ አንስቶ ረስቶት መሥሪያ ቤቱን ሲሰድብ ያገኘሁት!»

ኪሩቤል ሳቀ። «ጋሼ፣ ይኼ እኮ የድሮ ስልክ አይደለም።»

«አላጣሁትም፣ የኔ ዘመናዊ። በል ቀዩን እስከ መጨረሻው አንብብልኝ።»

ኪሩቤል ሳቁን ዋጠ። ሁለቱም ከመጀመሪያው ቃል አልፈው አላነበቡትም ነበር። መርዕድ ጎንበስ ብሎ አነበበ፤ «አልተገኘም፤ በጓዳ የለም፤ ወደ ውጭ እንዳልወጣም ታዝዣለሁ።»

«ማን አዘዘው?» አሉ ጋሽ ተድባብ።

ፌቨን የታከመችበት የሆስፒታል ኮሪደር ለመርዕድ ታወሰው። ኢንተርኔቱ ደካማ ነበርና መሣሪያው መጋዘን ልሂድ እያለ በየጊዜው ይቆምባቸው ነበር። ፌቨን አግዳሚው ላይ ጋቢ ደርባ፣ ኮምፒውተሩን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ቆሎ እየቆረጠመች፣ «ምን ያንከራትተዋል? ያለን ይበቃናል» አለችና መሣሪያውን ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ አዘዘችው። እውነትም በቃቸው። ድምፅ ለመቅዳት ባይመችም ስንት ቀን እዚያች አግዳሚ ላይ ፕሮግራሙን ሠሩ። ስንት ቀን ነርሷ «ድምፅ ቀንሱ» እስክትላቸው ሳቁ።

«እኛው ነን» አለ መርዕድ።

«ጓዳው ውስጥ ያለውስ፣ ብትጥለው ሌላ ቦታ ይገኛል?»

መርዕድ ስልኩን አውጥቶ ፈለገ። የፌቨንን ድምፅ የሚያጫውተውን ክፍል ሠሪዎቹ ከመጋዘኑ አንስተውታል። በምድር ላይ የቀረው በእሱ ጓዳ ያለው ብቻ ነበር። ጣቱን ከማጥፊያው አነሣ። ኪሩቤል መሬት መሬት እያየ «ይቅር በለኝ፣ ወንድሜ» አለው።

ትእዛዙን መሻር አንድ ምልክት ማንሣት ብቻ ነው። መርዕድ ግን አላነሣውም።

«የዘጋችው እሷ ናት፣ ጋሼ።»

«ያን ጊዜ መዝጋቷ ልክ ነበር። ዛሬ ብትኖርስ፣ ልጄ፣ ከሁለታችሁ ቀድሞ የሚከፍተው ማን ነበር?»

መርዕድ ምልክቱን አነሣው። አዲሱ ክፍል ጋሽ ተድባብ ወንበር ስበው እስኪቀመጡ እንኳ አልቆየም፤ መጣ። ከአሮጌዎቹ አንዱም ከቦታው አልተነቃነቀም።

ጳጉሜን አምስት ቀን ሥራውን ለርእሰ መምህርቷ ከማስረከቡ በፊት ሶልያናን አጠገቡ አስቀምጦ መተግበሪያውን ከፈተላት። እናቷ ከ«ሀ» ጀምራ ጠራች፤ ልጅቱም ተከተለቻት። «ነ» ካለች በኋላ ፌቨን ዝም አለች። ገጹ ላይ «ኘ» ብቻዋን ቆመች። መርዕድ ሊጠራላት ጉሮሮውን ሲጠርግ ልጅቱ ቀደመችው። አፏን ስልኩ ላይ ደቅና «ኘ!» አለች። ከዚያም ወደ እሱ ዞር ብላ፣ «አባዬ፣ ይቺን እማዬ ለእኔ ነው ያስቀረችልኝ?» ስትል ጠየቀችው።

በክፉ ቀን በር መዝጋት ጥፋት አይደለም፤ ያለውን ያቆያል። ጥፋቱ፣ የዘጋነው እኛ መሆናችንን ረስተን ውጭውን ስንራገም መኖራችን ነው። አዲስ እንዲገባ ተብሎ ደግሞ የነበረው አይጣልም። ጓዳው እንዳለ ይቀመጥ፤ በሩ ይከፈት።

እናንተስ፣ አልመጣልኝም የምትሉት ነገር ምንድን ነው? ቀዩን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አንብባችሁታል?