ለሽያጭ የቀረበችው አህያ

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት ሁሉ ስልክ በያዙበት ዘመን፣ ጭነት በማመላለስ የምትተዳደር አንዲት አህያ ነበረች። ሥራው አልከበዳትም፤ የከበዳት ሥራ ፍለጋው ነው። ጠዋት ጠዋት በየደጁ እየዞረች የሚጫን እንዳለ ትጠይቃለች። አንዱ ትናንት ብትመጪ ኖሮ ይላታል፤ ሌላው ሰሞኑን ብቅ በይ ይላታል። ጉልበቷ አርጅቷል። ባዶ ጀርባዋን ይዛ የምትመለስበት ቀን፣ ኩንታል ተሸክማ ከዋለችበት ቀን ይልቅ ያደክማታል። እንዲህ ከቀጠለች ክረምቱን እንደማትሻገር ታውቀዋለች።

ድረ ገጽ መሥራት የቀበሮ ሙያ ነበር። አህያ ያጠራቀመችውን ገብስ ይዛ ሄደችና ችግሯን አስረዳችው። የፈለገችው ትንሽ ነገር ነው፤ ጭነት ያለው ሁሉ ባለችበት እንዲጠራት። የቀበሮ ጆሮ እሷ ጋ፣ ዓይኑ ግን ገብሱ ላይ ነበር። ሥራዋና ስልክ ቁጥሯ የተጻፈበት አንድ ገጽ ቢሠራላት የሚደርሰው ጥቂት እፍኝ ነው።

«እትዬ አህያ፣ እሱ አይመጥንሽም» አላት። «ላንቺ የሚያስፈልግሽ የኢንተርኔት ሱቅ ነው። ደንበኛ ያያል፣ ይመርጣል፣ ያዛል፣ እቤቱ ድረስ ይመጣለታል። ዝንጀሮ ሙዙን የሚሸጠው በዚህ ነው።»

«እኔ እኮ የምሸጠው ነገር የለኝም፤ እሸከማለሁ እንጂ» አለችው።

ቀበሮ ነገሩን ለእሱ እንድትተውለት ነገራት። እሷም መከራከር ደክሟት ተወችለት። ድካም ስንቱን እሺ ያሰኛል።

ሱቅ ደግሞ ዕቃ ሳይደረደርበት አይከፈትም። ቀበሮ የሚደረድረው ቢያጣ አህያዋን ራሷን ፎቶ አንስቶ ለጠፈ። ከሥሩም «አህያ፤ የቀረችው አንድ ብቻ» ብሎ ጻፈ፤ በዋጋው ቦታ የአንድ ጉዞ ኪራይ አስገባ። ስልኳ የሚታየው ላዘዘ ብቻ ነው። ከዚያ ገብሱን ተቀብሎ ሸኛት።

ጭነት ያላቸው ሁሉ ሱቁን ከፍተው አዩት። አህያ የመግዛት ሐሳብ ስላልነበራቸው ዘግተውት ሄዱ። አህያም ስልኳን አጠገቧ አስቀምጣ ጠበቀች፤ መጠበቅም ያደክማል።

አንድ ቀን ስልኩ ጮኸ። ደዋዩ ጅብ ነበር። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል፤ የአህያ ድረ ገጽ ግን ጭራሽ ጅቡን ጠርቶ አመጣው። ጅብ አህያ እንዲህ በርካሽ ስትሸጥ አይቶ ስለማያውቅ፣ ምራቁን እየዋጠ አዝዟታል።

«እቤት ድረስ ይምጣልኝ ብዬ ነው ያዘዝኩት» አላት። «መቼ ነው የምትመጪው?»

አህያ ዕድሜዋን ሙሉ ጅብ ስትሸሽ ኖራ፣ በገዛ ገብሷ ራሷን አቀረበችለት። መሸሽ አሰበች፤ በዚህ ጉልበቷ ግን እንኳን ከጅብ ከኤሊም አታመልጥም። ማልቀስ አማራት፤ ለዚያም አቅም አጣች። ስለዚህ እንደ ልማዷ የጭነት ነገር አወራችው።

«አያ ጅቦ፣ በዚህ አገር ዕቃ የማደርሰው እኔ ነኝ። አሁን ዕቃው እኔ ከሆንኩ፣ እኔን የሚያመጣ ሌላ አህያ መፈለግ አለበት።»

ጅብ አሰበ። ማሰብ አልለመደምና ጊዜ ወሰደበት።

«ታዲያ ሁለት አህያ ሊመጣልኝ ነው?»

«ሁለት ነው» አለችው።

ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይላሉ፤ ይህኛው ግን ለሁለት ሲል መቸኮሉን ተወ። ደጁ ላይ ተቀምጦ እንደሚጠብቅ ነገራትና ስልኩን ዘጋ።

አህያ እያነከሰች ቀበሮ ዘንድ ሄደች። ለመቆጣት እንኳ ጉልበት አልነበራትም።

«ሱቁን ዝጋልኝ» አለችው። «ጭነት እንደማመላልስ ጻፍ፣ ስልኬን ጻፍ፣ ሌላ ምንም አትጨምር። እምቢ ካልክ፣ ጅብ ሲደውል የሱቁን ሠሪ ቤት አሳየዋለሁ።»

ቀበሮ እንዲያ ፈጥኖ ሠርቶ አያውቅም።

በማግስቱ ፍየል ከወፍጮ ቤት ደወለች፤ የሚጫን ዱቄት ነበራት። አህያ አንድም ደጅ ሳትረግጥ ቀጥ ብላ ሄደች። ማታ ደክሟት ተኛች፤ የዚያን ቀን ግን ያደከማት ሥራው ብቻ ነበር።

ከዚህ የምንማረው፣ ድረ ገጽ ከማሠራታችን በፊት ጎረቤት ምን አሠራ ሳይሆን የእኛ ደንበኛ ምን ፈልጎ ይመጣል ብለን መጠየቅ እንዳለብን፣ ያለዚያ ሥራችንን ልናስተዋውቅ ወጥተን ራሳችንን ሸጠን እንደምንገባ ነው።