ምንጩ የጋራ ነው

እናንተዬ፣ ይህችን ሳልነግራችሁ ብውል ሆዴ ይፈነዳል! ጋራው ላይ የወታደሮች ሰፈር አለ፤ ከሥሩ ሜዳው ላይ ደግሞ መንደር። መሐል ላይ ያለውን ምንጭ አብረው ሊያጎለብቱ ሁለቱ ወገኖች ውል ተፈራረሙ።

ውኃው ኩልል ብሎ መውረድ ሲጀምር ግን የሰፈሩ አዛዥ ሻለቃ ይልቃል ልቡ አበጠ። ሊቀዱ የመጡትን ሴቶች አስቁሞ ውሉን ዘረጋ።

«‹ምንጩ የጋራ ነው› ይላል። ጋራው ላይ ያለነው እኛ ነን፤ እናንተ የሜዳ ሰዎች ናችሁ። በሉ ተመለሱ!»

ወታደሮቹ በሳቅ ፈረሱ። ሴቶቹ ክው አሉ፤ ሌላው ውኃ የግማሽ ቀን መንገድ ነው፣ ልጆቹም ቤት ተጠምተው ይጠብቃሉ። ከመሐላቸው አንዲት ምላሰኛ ጠላ ሻጭ ብቻ እልልታዋን አቀለጠችው።

«እሰይ የኔ ጌታ! ኧረ ቀጥሎ ያለውንም ያንብቡልን!»

ሻለቃው ደረቱን ነፍቶ አነበበ። «‹የግንቡ፣ የቧንቧውና የሠራተኛው ወጪም የጋራ ነው።›»

«ተገላገልን!» አለች እያጨበጨበች። «ሴቶች፣ መዋጮ ቀረልን! ሁሉንም ጋራው ይከፍላል። እኛ የሜዳ ሰዎችማ እስካሁን ያዋጣነውን ተቀብለን እንሂድ። ሻለቃ፣ ከየትኛው ኪስዎ ነው የሚያወጡልን?»

ሻለቃው በላብ ተጠመቀ። «አይ... እትዬ፣ የጋራ ማለት እኮ የሁላችንም ማለት ነው!»

«እንዲህ ይበሉና!» ብላ ጀሪካኗን ሞላችና ጀርባዋን ሰጠችው። «በሉ እንግዲህ ያሸክሙኝ፤ ሸክሙም የጋራ ነው።»