አስከሬን ሊረከብ ቀድሞ የመጣው ሸማኔ

ደንብ አክባሪ አንባቢዎችን አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ይህ ታሪክ መጥፎ አርአያ ስለሆነ ባይነገር ይሻል ነበር። አንዴ አፌን ከፍቻለሁና ምን ይደረጋል።

አንድ ይርዳው የሚባል ሸማኔ ነበረ። ወረርሽኝ በገባበት ዓመት አባቱ ታመሙና መዳን ለማይችሉ ሕሙማን ወደተሠራ ማስታመሚያ ቤት ገቡ። ሐኪሙ "ሳምንት ቢቆዩ ነው" አለው። ይርዳው የጀመረውን ጋቢ ጥድፍ ጥድፍ ብሎ ጨረሰና ብርቱካን ገዝቶ ሄደ። በሩ ላይ ግን እንዲህ የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል፦ "ጠያቂ አይገባም። አስከሬን ለመረከብ አንድ የቤተሰብ አባል ይገባል።"

ዘበኛው ጋሽ ማንደፍሮ ከተጻፈው ውልፍት የማይሉ ሰው ናቸው። ሦስት ቀን መለሱት። ሦስቱንም ቀን ይርዳው አጥሩን ተደግፎ የአባቱን ሳል ሲያዳምጥ ዋለ፤ ስንቱ በሽተኛ ሲያስል የእሳቸውን ይለየዋል። በአራተኛው ቀን ሳሉ እየደከመ መጣ። ያኔ ይርዳው ወደ በሩ ተመለሰ።

"ጋሼ፣ ዛሬ ጠያቂ አይደለሁም። አስከሬን ልረከብ ነው።"

ጋሽ ማንደፍሮ ቆባቸውን አወለቁ። "ውይ! አረፉ እንዴ?"

"ኧረ አላረፉም።"

"ታዲያ ምኑን ነው የምትረከበው?"

"ቀደም ብዬ መጥቼ ነው። ሰዓት አክባሪ ሰው ይጠላል እንዴ?"

ጋሽ ማንደፍሮ ማስታወቂያውን አነበቡት። መነጽራቸውን ጠርገው ደገሙት።

"ምን ያህል ቀድሞ እንደሚመጣ አልተጻፈም" አሉ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ። "በል እጅህን ታጠብ፣ ጭምብልህን አጥብቅ። ብርቱካኑን ግን እዚሁ ተወው። ብርቱካን ይዞ የሚገባ ጠያቂ ነው።"

"ጋቢውስ?"

"ጋቢው ይግባ።"

አባትየው ልጃቸውን ሲያዩ ዓይናቸውን ማመን አቃታቸው። "በየት በኩል አስገቡህ?"

"አስከሬንዎን ልረከብ መጥቼ ነው፣ አባዬ።"

ሽማግሌው ሳላቸው እስኪነሳ ሳቁ። "አዘገየሁህ አይደል፣ ልጄ?"

"ኧረ እኔ ምንም አልቸኩልም።"

ጋቢውን አለበሳቸው። ሁለት ቀን እጃቸውን ይዞ ጠበቀ። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ፣ እጃቸው እጁ ውስጥ እንዳለ አረፉ። ይርዳው ፈርሞ ተረከበ። ጋሽ ማንደፍሮ በሩ ላይ "ነፍስ ይማር" ብለው ብርቱካኑን መለሱለት፤ አንዱም አልጎደለም።

በማግስቱ በሩ ላይ አሥራ አንድ ሰው ተሰልፎ ነበር፤ ሁሉም ቀደም ብሎ የመጣ ሬሳ ተረካቢ።

ትምህርቱ ይህ ነው፦ በሽታውም እውነት ነበር፣ ጥንቃቄውም ተገቢ ነበር፤ ግን ለሬሳ የሚከፈት በር በሕይወት ላለውም መከፈቻ አያጣም። ደግሞ ደንቡን ብቻ አንውቀስ። ለቀብር ከሥራ አስፈቅደን የምንሮጥ እኛስ፣ ሰውየው አልጋ ላይ ሳለ የት ነበርን?

አደራችሁን፣ ይህን ታሪክ ለማንም አትንገሩ። ማስታወቂያ ጻፊዎቹ ከሰሙ "ቀድሞ መምጣት ክልክል ነው" ብለው ይጨምሩበታል።