ወደ ሸንተረሩ የሚያይ ቀዳዳ

ገደል ግርጌ የምትባለው መንደር አሥራ አንድ ቤት ናት። ከኋላዋ ገደል፣ ከፊቷ ሸለቆ፤ ከደጃፎቹ ፊት ሁለት በሬ ጎን ለጎን የማያሳልፍ መንገድ። ቤቶቹ ቦታ ስለጠበባቸው አንዱ የሌላውን ግድግዳ ተጋርቶ በአንድ ረድፍ ቆመዋል።

በየግድግዳው፣ ሰው ተቀምጦ እጁን ቢዘረጋ በሚደርስበት ከፍታ ላይ፣ ቡጢ የሚያሳልፍ ቀዳዳ አለ። በቀዳዳው ነጭ ፈትል ያልፋል። ዛሬ ጣሪያው ቆርቆሮ ሆኗል፣ የአንዳንዱም ግድግዳ በብሎኬት ተተክቷል፤ ቀዳዳው ግን አልተደፈነም።

ጥቂት ዓመታት ይሆናል፤ ከከተማ የመጣ ግንበኛ የመጨረሻውን ቤት ሲለስን በዳርቻው ግድግዳ ላይ ቀዳዳውን አገኘና በሲሚንቶ ደፈነው። በዚያ ወገን ጎረቤት የለም። ባዶ ሸለቆ፣ ከባዶው ወዲያ ሸንተረር። የቤቱ ባለቤት እማማ በለጡ መጥተው አዩ።

«ክፈተው» አሉት።

«እማማ፣ ንፋስ እኮ ነው የሚያስገባው። ከዚያ ወዲያ ማን አለ?»

«ማንም የለም። ክፈተው አልኩህ።»

ግንበኛው እየሳቀ፣ ሲሚንቶው ሳይደርቅ ከፈተው።

*

ሽማግሌዎቹ ነገሩን ከበሽታው ዘመን ይጀምሩታል። የኅዳር በሽታ የተባለው ነው የሚሉ አሉ፤ የለም፣ ከዚያም ይቀድማል የሚሉ አሉ።

እንደሚነገረው፣ ያን ጊዜ የመንደሩ ጭቃ ሹም ማንደፍሮ የሚባሉ ሰው ነበሩ፤ ሚስታቸው ከሞቱባቸው ወዲህ ከማዶ ሸንተረር ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ድምፃቸው ሸለቆ የሚሻገር ሰው። ክፉ ነበሩ ብሎ የሚያወራ ዛሬም የለም። በሽታው ደጋውን ሲወጣ ሕግ አወጡ። ሁሉም ቤቱን ይዝጋ። በየደጁ እሾህ ይከመር። በሽታው ይዟቸው የለቀቃቸው ሁለት ወንድማማቾች ብቻ ይውጡ፤ ውኃ በየደጁ ያስቀምጡ፣ የሞተ ይቅበሩ። በሕይወት ያለ ቤት ጠዋት ጠዋት ጭስ ያሳይ። ጭስ ያሳየ ቤት አይከፈትም።

በየጠዋቱ ጭቃ ሹሙ ከማዶ ሆነው ጭሱን ቆጥረው ይጣራሉ።

«አሥራ አንድ!»

ከእሾሁ ኋላ ያለው ሰው ሁሉ «ተመስገን» ይላል። ከዚያ እስከ ማግስቱ ሌላ የሰው ድምፅ አይሰማም። ግድግዳ። የእሾህ ጥላ ወለሉ ላይ ሲሄድ ማየት። የራስን ሳል ማዳመጥ፤ የሌላውን ሳል ደግሞ ይበልጥ ማዳመጥ። በዚያ ወራት ሰው ከቤቱ ሰው ጋር እንኳ መነጋገር እንደ ቀነሰ፣ ሁሉም የገዛ ግድግዳውን ድንጋይ በመልኩ ለይቶ እንዳወቀ ይባላል።

*

በአራተኛው ቤት አስረስ የሚባል ሸማኔ ነበር። ሚስቱ አንጓች በመጀመሪያው ሳምንት ሞተች። ወንድማማቾቹ እሾሁን ከፍተው ወሰዷት፤ እሱን «አንተ እዚህ ቆይ» ብለው እሾሁን መልሰው ዘጉበት። ለቅሶ የደረሰው የለም። አብሮት የተቀመጠ የለም። ማንም «እግዜር ያጥናህ» አላለውም፤ ሊለው የሚወጣ ሰው አልነበረምና።

የአስረስ ጭስ ግን ከማግስቱ ጀምሮ ከሁሉ ቀድሞ ይወጣ፣ ከሁሉም ይበልጥ ይወፍር ነበር።

«የአስረስን ጭስ እዩ!» ይሉ ነበር ጭቃ ሹሙ ከማዶ። «ወንድ እንዲህ ነው! እናንተም በርቱ!»

ገደል ግርጌ የሠራችው ስህተት ይህ ነው። የሰው ደህንነቱ በጭስ ይለካል ብላ አመነች።

*

በአምስተኛው ቤት እትዬ ያምሮትና ጉልበታቸውን የሚያማቸው ባላቸው ጋሼ ዘለቀ ይኖሩ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት እትዬ ያምሮት እንዝርታቸውን አቁመው አሸተቱ።

«ወይራ ነው» አሉ።

«ምኑ?»

«የአስረስ ጭስ። ትናንት ዋንዛ ዋንዛ ይል ነበር፣ አልጋው መሆን አለበት። ዛሬ ወይራ ነው።»

«እሰይ! ጋን እያጠነ ነዋ! ጠላ ሊጠምቅ ነው፤ ጎረቤት ማለት እንዲህ ነው» አሉ ጋሼ ዘለቀ ከመደቡ ላይ ቀና ብለው።

«በየትኛው ጌሾ? ደግሞስ ከጭሱ ጋር የወጥ ሽታ መቼ አሸተቱ? ሰውየው አይበላም። የሽመና ዕቃውን እያነደደ ነው።»

ጋሼ ዘለቀ ተመልሰው ጋደም አሉ። የአስረስ የሽመና ዕቃ ከአያቱ የወረደ፣ ከወይራ የተጠረበ መሆኑን መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ነገ አለኝ የሚል ሸማኔ ያንን አያነድም።

እትዬ ያምሮት ደጃፋቸው ላይ ቆመው በእሾሁ ላይ ጮኹ።

«ጭቃ ሹም! አስረስ ደህና አይደለም!»

«ጭሱ ይታየኛል! ከእናንተ ሁሉ እሱ ይሻላል!»

«ጭሱን ሳይሆን ሰውየውን ነው የምልዎት!»

«ሕግ ነው፣ ያምሮት! ግቢ!»

ገቡ። ገብተው ግን አልተቀመጡም። ሥራ ፈትቶ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ማረሻ አወረዱና በድንጋዮቹ መካከል ያለውን ጭቃ ይቆፍሩ ጀመር።

«ቤቴን ልታፈርሺው ነው?» አሉ ጋሼ ዘለቀ።

«ግማሹ የአስረስ ነው። የእኛን ግማሽ ብቻ ነው የማፈርሰው።»

ቁፋሮው ሦስት ቀን ፈጀ ይባላል። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ድንጋይ ወደ ወዲያ ወደቀ።

*

በቀዳዳው ያዩትን እትዬ ያምሮት እስኪያረጁ ድረስ ሲናገሩት ኖረዋል። አልጋ የለም። በርጩማ የለም። የሽመና ዕቃው የለም። አስረስ ሸማኔ እግሩን በሚያስገባበት ጉድጓድ ውስጥ፣ እንደሚሸምን ሰው እግሩን አስገብቶ፣ ባዶውን ተቀምጧል። በእጁ የማግ መወርወሪያዋን ብቻ ይዟል። ከጎኑ መጥረቢያ። ከመጥረቢያው ወዲያ የቤቱ ምሰሶ፣ በጉልበት ከፍታ ላይ እስከ ግማሹ ተቆርጧል።

«አስረስ።»

ቀና አላለም።

«አስረስ፣ ያ ምሰሶ ምን ሆነ?»

«ሌላው እንጨት አለቀ፣ እትዬ። ለነገ እሱ ይበቃል።»

«ጣሪያውስ?»

መወርወሪያዋን በእጁ አገላበጠ። «ጭሱ ከጠፋ ይመጣሉ» አለ። «እንዲመጡ አልፈልግም።»

እትዬ ያምሮት በዚያ ቀዳዳ ማለፍ አይችሉም። ክንዳቸው እስከ ክርኑ ብቻ ይገባል። ወደ ኋላቸው ዞረው ያገኙት እንዝርታቸውን ነው። የፈትሉን ጫፍ ይዘው እጃቸውን አስገቡ።

«ጭሱን ተወው፤ እሳት እንዳታነድ። ይህን ያዝ። እኔ ስስብ አንተም ሳብ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እኔ መልሼ እስባለሁ። ሌላ ምን ሥራ አለን?»

እጃቸው እስኪደነዝዝ ጠበቁ። ከዚያ ክሩ ከጣታቸው መካከል በዝግታ ተንሸራተተ።

*

በማግስቱ ከማዶ የተሰማው ጥሪ «አሥር!» የሚል ነበር።

ወንድማማቾቹ ዶማቸውን ይዘው ወደ አራተኛው ቤት ሲመጡ እትዬ ያምሮት በእሾሁ ውስጥ ጮኹ።

«አለ! አሁን ስቧል! ዶማችሁን መልሱ!»

«ምን ሳበ?» አሉ ጭቃ ሹሙ።

እትዬ ያምሮት የቀዳዳውን ነገር መናገር ግድ ሆነባቸው። ጭቃ ሹሙ ሰምተው ፈረዱ፦ ግድግዳ ያፈረሰ ሕግ አፍርሷል፤ ሁለቱ ቤቶች እንደ አንድ ቤት ይቆጠሩ፣ ሌላው ሲፈታ እነሱ አርባ ቀን ይጨመርባቸው።

«አርባ ቀን ከአንቺ ጋር!» አሉ ጋሼ ዘለቀ። «በሽታው ምን አለው!»

ግን እትዬ ያምሮት ቆሎ ሲቆሉ ክሩን የሚይዙት ጋሼ ዘለቀ ሆኑ። ክሩን ከያዙ ደግሞ ዝም አይሉም። የቀኝ ጉልበታቸውን ሕመም ነግረውት ሲጨርሱ የግራውን ይጀምራሉ። በዘጠነኛው ቀን ይባላል፣ አስረስ ሳይጠየቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረ።

«እትዬ፣ እባክዎ ጋሼን ያስተኙልኝ።»

እትዬ ያምሮት ቆሎው እስኪያርባቸው ድረስ ሳቁ፤ ያረረውንም በቀዳዳው እያቀበሉ አበሉት። ስለ አንጓችም ማልቀስ የጀመረው በዚያው ቀን ነው፤ ሁለቱ ከወዲህ፣ እሱ ከወዲያ፣ ለቅሶው በግድግዳ ተደረሰ።

ዳነ አይሉም ሽማግሌዎቹ። ክሩን ሁለቴ ሦስቴ ሳይስቡት የማይመልስበት ጠዋት ብዙ ነበር ነው የሚሉት። ቢሆንም መለሰ።

ወሬው በቀዳዳው ሄደ። ሦስተኛው ቤት ወደ አራተኛው ቆፈረ፣ ስድስተኛው ወደ አምስተኛው፤ ወር ሳይሞላ ክሩ ከመጀመሪያው ቤት እስከ አሥራ አንደኛው ደረሰ። ጠዋት አንዱ ጫፍ ሲሳብ ረድፉ በሙሉ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ወዲያ የጭቃ ሹሙን ጥሪ በጆሮ የሚጠብቅ ጠፋ። ቁጥሩን ከእሳቸው በፊት ያውቁታልና።

*

አንድ ጠዋት ክሩ ከዳር እስከ ዳር ተሳበ፣ ሁሉም መለሰ፣ ሰው ወደ ሥራው ዞረ። ፀሐይ ሞቅ ካለ በኋላ ነው አስረስ ክሩን ያለ ሰዓቱ የሳበው።

«እትዬ፣ ዛሬ ተጣርተዋል?»

እትዬ ያምሮት አሰቡ። ትናንትስ ተጣርተው ነበር? ጋሼ ዘለቀን ጠየቁ። ጥያቄው በቀዳዳው ከቤት ቤት ሄዶ ተመለሰ። ያስታወሰ የለም።

ወንድማማቾቹ ሸለቆውን ተሻግረው ወጡ። ጭቃ ሹም ማንደፍሮን ወደ መንደሩ እንዳዩ፣ ደጃፋቸው ላይ ባለው ድንጋይ ላይ እንደ ተቀመጡ አገኟቸው። ምድጃቸው አመዱ ከቀዘቀዘ ቆይቷል። የበሽታው ምልክት አለባቸው የሚሉ አሉ፤ የለባቸውም የሚሉ አሉ፤ እዚህ ላይ ሲደርሱ ዝም የሚሉ ሽማግሌዎችም አሉ። ከደጃፉ ቀና ብሎ ያየ ሁሉ የእሳቸውን ጭስ ማየት ይችል ነበር። የቆጠረው አልነበረም።

እሾሁ ሲነሳ፣ አርባ ቀኑም ሲያልቅ፣ አስረስ መጀመሪያ የሄደው ወደ አሥራ አንደኛው ቤት ነው። የዳርቻውን ግድግዳ፣ ገደሉ ታጥፎ ሸንተረሩን በሚያሳየው በኩል፣ ራሱ ቆፈረ። በተረፈችው መወርወሪያ፣ በተውሶ የሽመና ዕቃ መጀመሪያ የሸመነውን ቀጭን መቀነት በቀዳዳው አውጥቶ ጫፉን ከደጅ ድንጋይ ላይ አሰረ።

*

ኅዳር አሥራ ሁለት ቀን በሌላው አገር ቆሻሻ ተሰብስቦ ይቃጠላል፣ ሰፈሩ ሁሉ በጭስ ይታጠናል። ገደል ግርጌ የዚያን ዕለት ጠዋት ክሩ ሳይሳብ እሳት አይነድባትም። ከመጀመሪያው ቤት ክሩ ይሳባል፣ እየተቀባበለ ይሄዳል፣ በአራተኛው ቤት በጉልበት ከፍታ ላይ የመጥረቢያ ጠባሳ ባለበት ምሰሶ ሥር ያልፋል፣ እማማ በለጡ ቤት ይደርሳል። እማማ በለጡ በዳርቻው ቀዳዳ የሚወጣውን መቀነት ይይዙና ወደ ሸንተረሩ ሦስት ጊዜ ይስባሉ።

ከዚያ ይጠብቃሉ። ከእሳቸው ኋላ አሥር ቤት ክር ይዞ ይጠብቃል።

የሚመልስ የለም። ይህን ሁሉም ያውቃል። ቢሆንም ሰው መልስ ሊሰጥ የሚችልበትን ያህል ቆይተው ነው፣ እማማ በለጡ መቀነቱን ለቀው «አንድዱ» የሚሉት።