ማስተዋልና የዓርብ ቆርኪ

ተረት ተረት ልበላችሁ፤ ክብ ሠርታችሁ ስሙኝ፣ ተረቴም ክብ ናት።

በሦስተኛ ለ ክፍል ማስተዋል የምትባል ልጅ ነበረች። ዓርብ ዓርብ ቲቸር ጽጌ ወለሉ ላይ በጠመኔ ሰኞ ማክሰኞ ይሠሩና በየቤቱ ቁጥር ይጽፋሉ። ባለተራው ቆርኪ ይጥላል፤ ያረፈበትን ቁጥር በሰባት አባዝቶ በአንድ እግሩ ይዘላል፤ መልሱንም ደብተሩ ላይ ይጽፋል። ማስተዋልን ተራዋ ሳይደርስ ሁልጊዜ ደወል ይቀድማት ነበር። ዛሬ ተራዋ ደረሰ፤ ቆርኪው ግን ከእሷ በፊት የዘለለው ይትባረክ እጅ ነው።

«ቆርኪውን ስጠኝ።»

«መልሴን ሳልጽፍ? እርሳሴ ተሰብሯል፣ መጀመሪያ ይቀረጽ።»

መቅረጫ ያላት ረድኤት ናት። «ረድኤት፣ መቅረጫሽን ስጪኝ። እርሳሱ ካልተቀረጸ ይትባረክ ቆርኪ አይሰጥም፤ ቆርኪ ካልሰጠኝ እኔ አልዘልም።»

«ጌዴዎን ላጲሴን ሳይመልስ? አላደርገውም!»

«ጌዴዎን፣ ላጲሷን መልስላት። ላጲሱ ካልተመለሰ ረድኤት መቅረጫ አትሰጥም፤ መቅረጫ ከሌለ እርሳሱ አይቀረጽም፤ እርሳሱ ካልተቀረጸ ይትባረክ ቆርኪ አይሰጥም፤ ቆርኪ ካልሰጠኝ እኔ አልዘልም።»

ጌዴዎን አኩርፏል። የክፍል አለቃዋ ቤዛዊት «በጥባጮች» ብላ ስሙን ሰሌዳ ላይ ጽፋዋለች። «ስሜ ካልጠፋ ምንም አልመልስም!»

«ቤዛዊት፣ ስሙን አጥፊለት። ስሙ ካልጠፋ ላጲሱ አይመለስም፤ ላጲሱ ካልተመለሰ መቅረጫ የለም፤ መቅረጫ ከሌለ እርሳሱ አይቀረጽም፤ እርሳሱ ካልተቀረጸ ቆርኪ የለም፤ ቆርኪ ከሌለ እኔ አልዘልም።»

«ክፍሉ ጸጥ ካላለ አላጠፋም። አንቺም ከቦታሽ ተነሥተሻል» አለችና የማስተዋልን ስም ጨመረች።

ማስተዋል ክፍሉን ጸጥ በሉ ብትል፣ «ጨዋታው ቆሞ ምን ሠርተን ጸጥ እንበል?» ብለው ጮኹባት። እዚህ ላይ እኔ ተራቹም ግራ ገባኝ፤ ጥፋቱ የማን ነው?

ጥግ ላይ ደብተር ሲያርሙ የነበሩት ቲቸር ጽጌ ቀና አሉ። «ማስተዋል፣ ደወሉ ሊደወል ነው። ምን ትጠብቂያለሽ?»

ማስተዋል በአንድ ትንፋሽ፣ «ቲቸር፣ ቤዛዊት ካልተቀረጸች ጌዴዎን አይጠፋም፤ ጌዴዎን ካልጠፋ ረድኤት ላጲስ አትሆንም፤ ይትባረክም ተሰብሯል፤ እኔ ደግሞ... እኔ ምን ነበርኩ?» አለች።

ክፍሉ ዝም አለ። ማን እንደሚቀረጽ፣ ማን እንደተሰበረ ሁሉም በጣቱ ይቆጥር ጀመር። ዝንብ ስትበር ትሰማ ነበር።

ክፍሉ ጸጥ ቢል ቤዛዊት የጌዴዎንን ስም አጠፋች፤ ስሙ ቢጠፋ ላጲሱ ተመለሰ፤ ላጲሱ ቢመለስ መቅረጫው መጣ፤ መቅረጫው ቢመጣ እርሳሱ ተቀረጸ፤ እርሳሱ ቢቀረጽ ቆርኪው ማስተዋል እጅ ገባ!

ጣለችው። ስምንት ላይ አረፈ። «ሰባት ጊዜ ስምንት...» ስትል ደወሉ ተደወለ። አንድም ልጅ ቦርሳውን አላነሣም።

«ሃምሳ ስድስት!» ብላ ዘለለች።

የእሷ ስም ግን «በጥባጮች» ሥር እስከ ሰኞ ሳይጠፋ ቀረ፤ እሷ እንደሆነች ግድም አልሰጣት። እኔም ተረቴን እንደ ቆርኪው ጣልኩ፤ የትኛው ቤት ላይ እንዳረፈች እናንተ ቁጠሩ።